«አጋር» የተባለው ሠራተኛ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ እንቅልፍ የለም። ከፒያሳ ተነስቶ በኮሮና ጊዜ ጃንሜዳ ያረፈው፣ በ2013 ዓ.ም ደግሞ ወደዚህ የመጣው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም በጫኑ አይሱዙዎች ይሞላል። ጫኝና አውራጁ ይጯጯኻል፤ ነጋዴዋ በስልክ ዋጋ ትጠይቃለች። ከግርግሩ ትንሽ ራቅ ብለው፣ መብራታቸውን አጥፍተው የቆሙ ቪትዞችና ያሪሶች አሉ። ሹፌሮቹ መቀመጫቸውን ወደ ኋላ ለጥጠው፣ ስልካቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ሰክተው ጥሪ ይጠብቃሉ። ጥሪ ካልገባ እንቅልፍ ነው። ከገባ ጀሞ፣ ለቡ፣ ሀና ማርያም፣ ዕድል ከቀናም ቦሌ።

የሰፈሩ ስም ራሱ ልብስ ስፌትን ያስታውሳል። በሕጉ መሠረት አንዲት ልጅ ጋርመንት ውስጥ ስትቀጠር ደመወዟ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን 7 በመቶው ከእሷ ተቆርጦ፣ 11 በመቶው ደግሞ ከአሠሪዋ ተጨምሮ በስሟ የጡረታ ፈንድ ይገባል። ማሽኑ ጣቷን ቢይዘው የሥራ ላይ ጉዳት ይባላል፤ ሐኪም ቤት የሚከፍል አለ። ቲማቲም የሚያወርደው ወጣት ይህ የለውም። ለምን የለውም ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። አሠሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ያወርዳል፤ ምን ያህል እንዳገኘ የሚመዘግብ የለም፤ ስለዚህ «ከምን ላይ ይቆረጥ?» ይባላል። ይህ ምክንያት ቢያንስ ምክንያት ነው።

የራይድ ሹፌሩ ግን ምን ምክንያት አለው?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህ ሰው ዛሬ ስንት ጉዞ እንደሠራ፣ ከየት ተነስቶ የት እንዳደረሰ፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ስንት ብር እንደተከፈለ፣ በየትኛው ሰዓት ስልኩን እንደዘጋ ሁሉ ተመዝግቧል። የኩባንያው ኮሚሽን ከእያንዳንዱ ጉዞ እስከ ሳንቲሙ ተሰልቶ ይነሳል። ሹፌሩ አስቀድሞ ከሞላው ሂሳብ ላይ ጉዞው ሲያልቅ በሰከንድ ውስጥ ይቆረጣል፤ ሂሳቡ ካለቀ ጥሪ አይመጣም። አገሪቱ ውስጥ ካሉ «መደበኛ ያልሆኑ» ሥራዎች መካከል እንደዚህ ዓይነት ንጹሕ መዝገብ ያለው ሌላ የለም። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ የሠራተኛውን ሰዓት በዚህ ልክ አያውቅም። እና ይህ ሁሉ መዝገብ እያለ ሹፌሩ በማኅበራዊ ዋስትና ዓይን ከጫኝና አውራጁ ጎን ቆሞ ይገኛል። የሉም ተብለው ከሚታለፉት አንዱ ነው።

የነገሩ ቁልፍ አንዲት ቃል ናት። ሹፌሩ በሚፈርመው (ወይም ስልኩ ላይ «እስማማለሁ» ብሎ በሚነካው) ውል ውስጥ ሠራተኛ አይባልም፤ «አጋር» ይባላል። ቃሉ ደስ ይላል። አጋር ማለት እኩያ ነው፣ አብሮ የሚያተርፍ፣ አብሮ የሚወስን። ነገር ግን አጋሩ ታሪፉን አይወስንም። ጥሪው ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። ደንበኛ ኮከብ ከቀነሰበት ለምን ብሎ የሚከራከርበት ወንበር የለም። አካውንቱ ከተዘጋ ስልኩ ላይ አንድ መልእክት ያያል እንጂ ማስጠንቀቂያም፣ የአገልግሎት ክፍያም አይሰጠውም። እንዲህ ያለ አጋርነት በእቁብ ቢሆን ኖሮ አባላቱ በመጀመሪያው ወር ይበተኑ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ውል የሚኖረው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ተስማምቶ፣ በአሠሪው መሪነት ሲሠራ ነው ይላል። በሌላ በኩል በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተቀበለ የሚሠራን ሰው አዋጁ ከክልሉ ያስወጣዋል። ኩባንያዎቹ የሚቆሙት በሁለተኛው ላይ ነው፦ መኪናው የእኔ አይደለም፣ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይተኛል፣ ነዳጁን ራሱ ይቀዳል። ይህ ውሸት አይደለም። ግን «መሪነት» የሚለው ቃል የተጻፈው አለቃ ማለት ከኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው በነበረበት ዘመን አስተሳሰብ ነው። ዛሬ አለቃው ዋጋ የሚተምን፣ ሥራ የሚያድል፣ ቅጣት የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር ሆኗል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የኡበርን ጉዳይ ሲመረምር ያየው ይህንኑ ነው። ዋጋውን የሚወስነው፣ ውሉን የሚጽፈው፣ ሹፌሩን የሚቆጣጠረው ኩባንያው ከሆነ ሹፌሩ ነጋዴ ሳይሆን ሠራተኛ ነው ብሎ ወሰነ። ልብ ይባል፣ እዚያም ቢሆን የተሰጠው ሙሉ የተቀጣሪ መብት አይደለም፤ ዝቅተኛ ክፍያና የዓመት ፈቃድ ያለው መካከለኛ ስም ነው።

የአዲስ አበባው ጉዳይ ደግሞ ከለንደኑ አንድ ሰው ይበልጣል። ብዙው ሹፌር መኪና የለውም። መኪናው የሌላ ሰው ነው፤ ለባለቤቱ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ቀሪው የእሱ ነው። አንዳንዴ መተግበሪያው ላይ ያለው ስም እንኳ የባለመኪናው ነው። ታዲያ አሠሪው ማን ነው? ኩባንያው «ባለመኪናው ነው» ይላል። ባለመኪናው «እኔ ያከራየሁት መኪና ነው» ይላል። ሹፌሩ በሁለቱ መካከል መሪ ጨብጦ ተቀምጧል።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሠራተኛው ጥገኝነት ጎልቶ የሚታየው ምግብና ዕቃ የሚያደርሱት ላይ ነው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ ከተማዋ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ስታግድ የተረፉት ፈቃድ ያላቸው ብቻ ናቸው። ያለ ፈቃድ በሞተር የሚያደርስ ልጅ በማግስቱ ሞተሩን ያጣል። «ሲፈልግ ለራሱ ይሠራል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይሰባበራል። ከሹፌሩ በተለየ ደግሞ እሱን ከአስፋልቱ የሚለየው ብረት እንኳ የለም።

አንድ ማለዳ እንዲህ ያለ ወሬ መኪና ውስጥ ተነሳ። ተሳፋሪው በደርግ ጊዜ ከተወረሰ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ ወደ ባንክ እየሄዱ ነው።

«ስንት ዓመት ነዳህ ልጄ?»

«ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው አባባ።»

«ጡረታ ይቆርጡልሃል?»

ሹፌሩ ሳቀ። «እነሱ መቁረጡን ይቆርጣሉ፤ ጡረታው ነው የሌለው።»

ሽማግሌው አልሳቁም። «እኔም ያኔ ሲቆረጥብኝ አናድዶኝ ነበር» አሉ። «ዛሬ ከልጆቼ እጅ ያዳነኝ እሷው ናት። አታንስም አልልህም፤ ታንሳለች። ግን የራሴ ናት።»

የእኚህ አባት ጡረታ መንገዱ ረጅም ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ ያገኘው በ1955 ዓ.ም ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ አጠቃላይ የጡረታ ሕግ ያገኘው በ2003 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ አዋጅ 1268 ተተካ። በሁለቱ መካከል 48 ዓመት አለ። በእነዚያ 48 ዓመታት ውስጥ በግል ድርጅት ጉልበቱን ጨርሶ፣ ከፕሮቪደንት ፈንድ በተሰጠው አንድ ጊዜ ብር ቆርቆሮ ገዝቶ የቀረ ስንት ሰው እንዳለ የየሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። የራይድ ሹፌሩ ተራ እስኪደርስ ሌላ 48 ዓመት መቆጠር የለበትም።

ሰው ጡረታ ሲባል ቶሎ የሚታየው እርጅና ነው። ለሹፌር ግን ከእርጅናው በፊት የሚመጣ ነገር አለ። አደጋ አለ። ሌሊት ተሳፋሪ መስሎ የገባ ዘራፊ አለ፤ በዚህ ሥራ ሕይወታቸውን ያጡ ልጆች ታሪክ በየጊዜው ይሰማል። አሥራ አራት ሰዓት ከመቀመጥ የሚመጣ የወገብና የኩላሊት ሕመም አለ። የመኪናው መስታወት ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ የግድ ነው፤ የሚደርሰው ግን ለተገጨው እንጂ መሪ ለጨበጠው አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በወረዳው ከተመዘገበ የሐኪም ቤቱን ወጪ ያቃልልለታል፤ ጥሩ ነገር ነው። እግሩ በጀሶ ታስሮ ሦስት ወር ሲተኛ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልለትም። ባለመኪናውም መኪናውን ለሌላ ይሰጣል፤ ምን ያድርግ?

በ2003ቱ አዋጅ የታቀፈ ሠራተኛ በሥራ ላይ በደረሰበት ጉዳት ከሥራ ቢገለል የደመወዙን 47 በመቶ በየወሩ ያገኝ ነበር። ቢሞት ሚስቱ የጡረታውን ግማሽ፣ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ይቀበል ነበር። ሹፌሩ ያጣው ሲባል እነዚህን ነው። የስድሳ ዓመቱን ብቻ አይደለም።

የጎደለውን ማን ሞላው? እድር። ሹፌሮቹ በቴሌግራም ቡድን ተሰባስበው፣ አንዱ ሲሞት ወይም ሲታመም በቴሌብር አዋጥተው ይደርሳሉ። የባንክ ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ፤ ማን ስንት እንደሰጠ ሁሉም ያያል። ይህ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ከብዙ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ይልቅ የሚታመን ነው። ግን እድር በባሕርይው ለቀብር የተሠራ ነው። ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቤተሰቡ የተወሰነ ብር ይሰጣል። አካሉ የጎደለን የሠላሳ ዓመት ሰው እስከ ዕድሜው መጨረሻ በየወሩ ሊቀልብ አይችልም። የሚያዋጡት ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ አንድ ዓይነት አደጋ ያለባቸው፣ ነዳጅ ሲጨምር አብረው የሚደኸዩ ናቸው። ሰፊ ፈንድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የጋርመንቷ ልጅ፣ የባንኩ ሠራተኛና ሹፌሩ አንድ ላይ የሚገቡበት።

«በፈቃዱ ይግባ፤ በሩ ክፍት ነው» የሚል አለ። እውነት ነው፣ የ2003ቱ ሕግ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ያለ ሰው በፍላጎቱ እንዲታቀፍ መንገድ ትቶ ነበር። ግን አሠሪ የሌለው ሰው ሲገባ የአሠሪውንም ድርሻ ራሱ ነው የሚሸከመው። ሰባቱም አሥራ አንዱም ከአንድ ኪስ። ደግሞም ሥርዓቱ የተሠራው በወር አንዴ ደመወዝ ለሚቀበል ሰው ነው። ሹፌሩ የሚያገኘው በየቀኑ ነው፤ የሚያወጣውም በየቀኑ። ወር መጨረሻ ላይ 18 በመቶ ይዘህ ቢሮ ና ማለት፣ ጠዋት የተገኘ እንጀራ ለወር እንዲቀመጥ እንደመጠየቅ ነው።

ሂሳቡን መሥራት ይሻላል። ለስሌት ብቻ፣ አንድ ሹፌር በወር 200 ጉዞ ሠራ፣ አንዱ ጉዞ በአማካይ 300 ብር ሆነ ይባል። ጠቅላላው 60,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ነዳጅ፣ ኮሚሽን፣ የባለመኪናው ገቢና ጥገና ሲነሳ 20,000 ብር ቀረው ይባል። የዚህ 11 በመቶ 2,200 ብር ነው፤ ለ200 ጉዞ ሲካፈል በአንድ ጉዞ 11 ብር። የሹፌሩ 7 በመቶ 1,400 ብር ነው፤ በአንድ ጉዞ 7 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ ከ300 ብር ጉዞ ላይ 18 ብር። የሙሉ ጡረታ ዋጋ ይህ ነው። ትራፊክ መብራት ላይ መኪናው ቆሞ ቆጣሪው ሲጨምር ተሳፋሪው የማያስተውለው ዓይነት ገንዘብ።

ታዲያ 11ዱን ብር ማን ይክፈል? ኩባንያው ከኮሚሽኑ ያውጣ ቢባል ታሪፍ ላይ ይጨምረዋል፤ በመጨረሻ ከተሳፋሪው ይመጣል። ይምጣ። ተሳፋሪው ዛሬ ርካሽ ዋጋ የሚያገኘው ከፊሉ በሹፌሩ ባዶ እርጅና ተደጉሞ ነው። አደገኛው ነገር ሌላ ነው። ግዴታው በሕግ ለሁሉም እኩል ካልሆነ፣ የሚከፍለው ኩባንያ ከማይከፍለው ጋር መወዳደር አይችልም። ሳምራዊት ፍቅሩ በአጭር መልእክት የጀመረችው ራይድ ስሙ የሥራው ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ገበያውን ከፈተ፤ ከዚያ ዛይራይድ፣ ፈረስ፣ ሌሎችም መጡ፤ በቅርቡ ደግሞ ከውጭ የመጣው ያንጎ ተጨመረ። ሹፌሩ ሦስቱን መተግበሪያ በአንድ ስልክ ከፍቶ የተሻለውን ጥሪ ይመርጣል። አንዱን ብቻ «አንተ አሠሪው ነህ» ብሎ መያዝ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። በየጉዞው የሚቆረጥ መዋጮ ግን ይህን ችግር አያውቀውም። ጉዞው የማንም መተግበሪያ ይሁን፣ ብሩ ወደ አንድ የሹፌሩ ቁጥር ይገባል። ቁጥሩም ከባለመኪናው ስም ጋር ሳይሆን ከነጂው ፋይዳ ጋር መታሰር አለበት፤ አለበለዚያ ሹፌሩ አሥር ዓመት ነድቶ ጡረታው ለባለመኪናው ይወጣል።

ይህ መንገድ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የሕንዷ ራጃስታን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ከእያንዳንዱ ግብይት ላይ የደኅንነት ክፍያ ለሠራተኞቹ ፈንድ እንዲቆረጥ ደነገገች። የሕንድ የፌዴራል የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ደግሞ ኩባንያዎቹ ከዓመታዊ ሽያጫቸው ከ1 እስከ 2 በመቶ እንዲያዋጡ ይላል። ሲንጋፖር ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ «ሠራተኛ» ወይስ «ነጋዴ» የሚለውን ጭቅጭቅ ትታ ሦስተኛ ስም ፈጠረች፤ ኩባንያዎቹ የሥራ ላይ ጉዳት መድን እንዲገቡ፣ ለጡረታም እንዲያዋጡ አስገደደች። ጎረቤት ኬንያ «ሀባ ሀባ» በሚል በቀን 25 ሽልንግ በስልክ የሚቆጠብበት መንገድ አላት፤ ሩዋንዳም «ኤጆ ሄዛ» አላት። የኋለኞቹ ሁለቱ በፈቃድ የሚደረጉ ቁጠባዎች ናቸው፤ ከባዶ ይሻላሉ፣ ግን ኩባንያውን ምንም አይጠይቁትም።

ከሹፌሮቹ ራሳቸው የሚመጣው ተቃውሞ ከኩባንያዎቹ ይልቅ ከባድ ነው፤ ማለፍም አይገባም። «ዛሬ ያልበቃኝን ለስድሳ ዓመቴ? ያኔ ብሩ ምን ይገዛል?» ይላሉ። ልክ ናቸው። የጡረታ ፈንዱ ብር ለዓመታት በአብዛኛው የግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዛበት ኖሯል፤ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች ሆኖ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በኋላ ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የዛሬ አምስት ዓመት የተዋጣ መቶ ብር ምን እንደሆነ ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አላስፈለገም። ጡረተኛው የሚደርሰው መጠን ከኑሮው ጋር በራሱ አይጨምርም፤ መንግሥት ሲወስን ይስተካከላል። ለዚህ ነው በግዴታ መጀመር ያለበት የጡረታው ሳይሆን የጉዳቱ ክፍል ነው የሚባለው። የአካል ጉዳትና የሞት ዋስትና ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ የሚሠራ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የዋጋ ንረት አይበላውም፤ ከ18ቱ ብርም በጣም ያነሰ ይበቃዋል። ሹፌሩ ጓደኛው ከአደጋ በኋላ ሲከፈለው በዓይኑ ካየ፣ ቀሪውን ለማስረዳት ብዙ ስብሰባ አያስፈልግም።

በዕድሜ ገፋ ያሉትም አሉ። ላዳ ሲነዱ ኖረው ወደ መተግበሪያ የገቡ፣ ሃምሳ አምስት ያለፋቸው። ለጡረታ ቢያንስ 10 ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል፤ መውጫው ደግሞ 60 ነው። ለእነሱ ጡረታው ቢጀመርም አይደርሳቸውም። የጉዳቱ ዋስትና ግን ከመጀመሪያው ቀን ይደርሳቸዋል፤ ይህም ከጉዳት ለመጀመር ሌላ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የዓለም የሥራ ጉባኤ ጄኔቭ ላይ ስለ መተግበሪያ ሠራተኞች አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ ተስማምቶ፣ ሁለተኛውን ዙር ውይይት ለ2026 ቀጠረ። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል ናት። ጄኔቭ እስኪያልቅ ግን ከተማዋ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የለባትም። የትራንስፖርት ቢሮው ለእነዚህ ኩባንያዎች የሥራ ፈቃድ የሚያድሰው እሱ ነው፤ ተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን ከሌለው እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ ሕግ እንዳለ ሁሉ፣ ሹፌሮቹን የጉዳት መድን ያላስገባ ኩባንያ ፈቃዱ እንዳይታደስ ማድረግ ይቻላል። ማኅበራዊ ዋስትናው የፋይዳ ቁጥር የሚቀበል አንድ ሂሳብ ይክፈት። ኩባንያዎቹ ኮሚሽን በሚቆርጡበት ቦታ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ። የመጀመሪያው መስመር ከ300 ብር ላይ 2 ብር ብትሆንም ትጀመር፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲዘጋ ምን ያህል ሰው እንደተጎዳና ምን ያህል እንደተከፈለ በቁጥር ይታወቃል፤ ዛሬ ይህን የሚቆጥር የለም።